ፕሪንተር የመረጥንበት ክረምት

ባለቤቴ አዲስ አበባ እያለ በብሩሽ ታፔላ ይጽፍ ነበር። ዴንቨር ከመጣን በኋላ ለዓመታት የፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ሆኖ ሠራ፤ ኋላ ቪናይል የምትቆርጥ ማሽን ገዝቶ አውሮራ፣ ሃቫና መንገድ ላይ፣ በጥፍር መሥሪያ ቤትና በላውንድሪ መካከል ጠባብ ሱቅ ከፈተ። እኔ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ነበርኩ። ቅዳሜና አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ጎራ ብዬ አግዘዋለሁ እንጂ ሱቁ የእሱ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝም «ባለቤቴ ታፔላ ይሠራል» ነው የምለው፤ «እንሠራለን» ብዬ አላውቅም።

ማሽኗ ባለቀለሙን ፕላስቲክ በፊደሉ ቅርጽ ትቆርጠዋለች። ከዚያ ትርፉን በመርፌ እየነቀሉ አንስቶ ፊደሉን ብቻ ማስቀረት የእጅ ሥራ ነው። የእንግሊዝኛው ቶሎ ያልቃል። የእኛ ፊደል ግን በየጎኑ እግርና ቀለበት ስላለው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አንዲት ጭረት ከትርፉ ጋር ተነቅላ ከሄደች ቃሉ ተበላሸ ማለት ነው። ባለቤቴ በዚህ ሥራ የሚታማ ሰው አልነበረም። አውሮራ ውስጥ በግሮሰሪው፣ በምግብ ቤቱ፣ በጸጉር ቤቱ በር ላይ የእሱ እጅ ነበረበት።

ዲጂታል ካሜራ በየሰዉ እጅ ሲገባ የደንበኛው ፍላጎት ተለወጠ። ፊደል ብቻ ያለበት ታፔላ ለሰው አልበቃው አለ። ምግብ ቤቱ የክትፎውንና የበያይነቱን ፎቶ መስኮቱ ላይ ማየት ፈለገ፤ ሠርግ የደገሰው የሙሽሮቹን ፎቶ በትልቅ ባነር ይሁንልኝ አለ። እኛ ማተም ስለማንችል ዴንቨር ላለ ሌላ ሱቅ ሰጥተን እናሳትም ነበር። ወጡ ጠቁሮ፣ የሙሽራይቱ ፊት ዐመድ መስሎ ሲመለስ ደንበኛው ፊት ቆመን ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን። ባለቤቴ የራሱን ፕሪንተር መመኘት የጀመረው በዚህ ምክንያት መሰለኝ። የጨርቅ ጣቃ የሚያህል ሮል ተሸክሞ ባነሩን በቁመቱ ልክ እያተመ የሚያወርድ ዓይነት ነው የፈለገው። ክረምቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«ይሄ ማሽን ይምጣ እንጂ» ይለኛል፣ «መርፌ ይዞ ማቀርቀር ይቀራል። ኮምፒውተሩ ላይ ሠርቶ መላክ ብቻ ነው፤ አትሞ ያወጣልሻል።»

ደክሞት ነው ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በር «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ሠርቶ ለጠፈ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አዛውንት ወደ ጎን ጠሩን። አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ አውሮራ ከመጡም በኋላ የአዳራሹን ጉዳይ የሚከታተሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ።

«ልጄ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መጡ የሚለው መጠ ሆኗል። ሰው ልብ ሳይለው አስተካክለው።»

ዞረን አየን። ከፊደሉ ጎን መኖር የነበረባት ጭረት የለችም። ባለቤቴ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «የማሽኗ ምላጭ ደንዝዟል» አለ በመጨረሻ። ጋሼ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። እኔም ምላጩ ነው ብዬ ተውኩት።

ፕሪንተር ልናይ ከዴንቨር ማዶ ሌክውድ ወዳለ መደብር የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መሬቱ ላይ የቀረ በረዶ ነበረ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። የነዳው እሱ ነው። ከወትሮው ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር፣ በረዶውን ፈርቶ ነው አልኩ። ሻጩ ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ፈረንጅ ነው፤ ወጣት ሳለ እሱም መሰላል ላይ ወጥቶ ታፔላ ይሰቅል እንደነበረ ነገረን። ትልቁን ማሽን ከፍቶ አሳየን። ርዝመቱ ከአልጋ ይበልጣል፣ የቀለሙ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። «ይሄ የጭስ ማውጫ ይፈልጋል» አለን፤ «ግን ያተመውን ውጭ ብትሰቅሉት ይቆያል። እዚህ እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ ፀሐዩ ቀዩን ነው መጀመሪያ የሚበላው።» ባለቤቴ ይጠይቃል፣ ያሽታል፣ በመዳፉ ይዳስሳል። በጣም ደስ ብሎት ነበር።

የምግብ ቤቱን ፎቶ በሲዲ ይዘን ሄደን ነበር። ሻጩ ያንኑ ፎቶ በሦስት ዓይነት ማሽን አትሞ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ለጠፈልንና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። «የምግቡን ቀለም የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አለ። «የትኛው ነው ትክክል?»

በስተግራ ያለው ላይ ወጡ ቀይ ነው፣ ዘይቱ ራሱ ይታያል። በስተቀኝ ያለው ትንሽ ወደ ብርቱካን ይወስደዋል። የመሀሉ ግን የቀለም መስመር ከዳር እስከ ዳር እየደጋገመ ያቋረጠው፣ ወጡም የተቃጠለ የሚመስል ነበር። ሻጩ የለጠፈው፣ ማሽኑ በደንብ ካልተስተካከለ ምን እንደሚያወጣ ሊያሳየን ይመስለኛል።

ባለቤቴ ወደ መሀሉ ጠቆመ። «ይሄ» አለ። «ይሄ ነው ትክክለኛው።»

«ቀልድህን ነው?» አልኩት በአማርኛ።

«ምኑ?»

«መስመሩ አይታይህም?»

ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ፤ ከዚያ ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በዐይኑ ጠርዝ ተመለከተው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ቤት ቴሌቪዥን ሲያይ፣ የሞባይሉን ስክሪን ሲያይ፣ እኔንም ሳናግረው እንደዚያ ማየት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። የአንገት ሕመም መስሎኝ ቅባት ሁሉ ገዝቼለታለሁ። አሁን ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ሲፈልግ ሳየው አንገቱ እንዳልሆነ ገባኝ። ሻጩም የገባው ይመስለኛል፤ «ጊዜ ውሰዱ» ብሎን ወደ ውስጥ ገባ፣ እስክንጠራውም አልተመለሰም።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው አጠገብ ቆምን። ሌክውድ ላይ ተራራው ቅርብ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከፊታችን ተገትሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከሰመር ጀምሮ።» መኪናውን ተደግፎ፣ «መሀሉ ላይ ጭጋግ ነገር አለ። ዳር ዳሩን አያለሁ። ትክ ብዬ ላየው የምፈልገው ነገር ነው የሚጠፋብኝ» አለ።

«ስኳሩ ነው?» አልኩት፤ የስኳር በሽታ ካለበት ዓመታት ሆኖት ነበር።

«ይመስለኛል።»

«ሐኪም ጋ ሄድክ?»

«ሄጄ ምን ሊሉኝ? አትንዳ፣ አትሥራ ነው የሚሉኝ። ፕሪንተሩ ከገባ ግን ፊደሉን ኮምፒውተሩ ላይ የፈለግኩትን ያህል አሳድጌ አየዋለሁ። መርፌ የለ፣ ምን የለ። ማንም ሳያውቅ ሥራዬን እሠራለሁ ብዬ ነው።»

«እኔንስ? እኔን ጭነህ ስትነዳ ከርመሃል'ኮ።»

«መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«ዘሎ የሚገባውን ሰውስ ታውቀዋለህ?»

አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። እጄን ዘረጋሁ፣ ቁልፉን ሰጠኝ። በሌላው ጎን ዞሮ የበሩን እጀታ በዳበሳ ሲፈልግ በመስታወቱ ውስጥ አየሁት፤ ቁጣዬ እዚያው ላይ አለቀ። ሌክውድን ለቀን፣ እኔ እየነዳሁ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ቤታችን ደረስን። ጋራዡ ውስጥ ሞተሩን ሳጠፋ «ወጡ ቀይ የሆነው የትኛው ላይ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የግራው ላይ» አልኩት። «አሃ» አለ።

ስኳሩ የዐይኑን ደም ሥሮች ጎድቷቸዋል። በዚያው ሰሞን ይዤው የሄድኩባት የዐይን ሐኪም በሞዴል ዐይን እያሳየች አስረዳችን፤ በሌዘርም አከመችው። የሄደው እንደማይመለስ፣ የምትችለው የቀረውን ማቆየት ብቻ መሆኑን ሳትሸፋፍን ነገረችን። መኪና መንዳትም ቀረ። ባለቤቴ ሐኪሟን አመስግኖ ወጣ። አሳንሰሩ ውስጥ ግን የቁጥሮቹን ቁልፍ አንድ በአንድ በጣቱ ሲዳስስ ቆየ፤ እኔ ልጫንለት ብዬ እጄን አንስቼ መልሼ አወረድኩት።

በእነዚያ ሳምንታት ሱቁ እንዳይዘጋ ያደረጉት ጋሼ ናቸው። ጠዋት ጠዋት እኔ ባለቤቴን ሱቅ አድርሼ ወደ ሆቴል እሄዳለሁ፤ ጋሼ በእግራቸው ይመጣሉ። ማንም አልጠራቸውም። በሩ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጡና የተቆረጠውን ፊደል ሁሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩታል፤ እሳቸው ሳያዩት ከሱቅ የሚወጣ ነገር የለም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ «ጋሼ፣ እርስዎን እያደከምኩ እስከ መቼ ነው?» ሲላቸው ሰማሁ።

«እኔ ቤት ውስጥ ምን እሠራለሁ ብለህ ነው?» አሉት። «ልጆቹ ሥራ ይሄዳሉ፣ ሚስቴ ቴሌቪዥኗን ታያለች። እዚህ ቢያንስ ፊደል አርማለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ቀልድ ይሁን ምክር ባልለየሁት ድምፅ፣ «አንቺ ግን ዐይን አለሽ» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት፣ ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሆቴሉን ልለቅ ነው፣ ሱቅ እገባለሁ፣ ፕሪንተሩንም እንገዛለን አልኩት።

«ሥራውን አታውቂውም» አለ።

«አንተ ታውቀዋለህ።»

«ኢንሹራንሱስ?»

እውነቱን ነበር። የሚታከመው በእኔ ሥራ ኢንሹራንስ ነው። ከሆቴሉ ጋር ተነጋግሬ ሙሉ ሰዓት የሚቆጠርልኝ የማታ ፈረቃ ወሰድኩ፤ ቀኑን ሱቅ፣ ማታ ሆቴል ሆንኩ። እንዴት እንደቻልኩት ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ያኔ ግን ሌላ ምርጫ ስላልታየኝ ከበደኝም አላልኩም።

ሁለተኛ ጊዜ ማሽን ልናይ የሄድነው ዴንቨር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ያለ መጋዘን ነው። ማሽኖቹን የምታሳየው ቱታ የለበሰች ቴክኒሽያን ነበረች። ባለቤቴ ቀጥታ ትልቁን ጠየቀ፤ ልቡ አሁንም እዚያው ነበር። ሴትዮዋ ስለ ፍጥነቱ ስትነግረው ካዳመጠ በኋላ አቋረጣትና ወደ እኔ ዞረ።

«ሮሉን አንቺ ጫኚው» አለኝ።

ሞከርኩ። የቪናይሉ ጥቅል የጎለመሰ በግ ያህል ይከብዳል፤ ደረቴ ድረስ አነሳሁት፣ ማሽኑ ላይ ግን ማድረስ አቃተኝ። ቴክኒሽያኗ በአንድ ጫፍ ስታግዘኝ ገባ። ባለቤቴ አይረዳኝም፣ ዝም ብሎ ትንፋሼን ያዳምጣል። ቀጥሎ ወደ ትንሿ ሄድን። እሷ ቀርፋፋ ናት፣ ስፋቷም ያንሳል። ነገር ግን ሽታዋ ለስለስ ያለ ነው፣ አትማ ስትጨርስ ራሷ ትቆርጣለች፣ ሮሏ የሚቀመጠውም ወገብ ላይ ነው። ብቻዬን ጫንኩት።

«አሁን ያተመችውን እይና ንገሪኝ» አለ። «መስመር አለው?»

«የለውም።»

«ቀዩስ? ወደ ብርቱካን ነው ወደ ቡና?»

«ቀይ ነው። በርበሬ ዘይት ውስጥ ሲቁላላ እንደሚሆነው።»

«ጥላው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ይታይሻል?»

አጎንብሼ አየሁ። በሕይወቴ ጥላ ውስጥ አረንጓዴ ፈልጌ አላውቅም ነበር። «ትንሽ አለ» አልኩት። «ጥርት ያለ አይደለም፣ ግን አለ።»

ፈገግ አለ። «እሱ ይስተካከላል» አለና ወደ ትልቁ ማሽን ተመልሶ መዳፉን ክዳኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ። የልጅነት ጓደኛውን የሚሰናበት ነበር የሚመስለው። ተመልሶ መጥቶ፣ «ትንሿ ትሁን» አለ። ሴትዮዋ ስለ ትልቁ አንድ ነገር ልትጨምር ስትል፣ በእንግሊዝኛ «ማሽኑን የምታሠራው እሷ ናት» አላት። ስለ ሱቁ እንደዚያ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ማሽኗ ስትገባ ብዙ አስቸገረችን። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፤ ቀለሙ የሚወጣባት ቀዳዳ እየደረቀ ይደፈናል፣ ቪናይሉ አቧራ ይስባል። እርጥበት የሚረጭ ዕቃ ገዝተን አጠገቧ አስቀመጥን። ብዙ ሮል አበላሸሁ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ የማሽኗን ድምፅ ይሰማና «ቆመሽ እይ፣ አንዱ ቀለም ቀርቷል» ይለኛል፤ ሄጄ ሳየው አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ተሳስቷል። ስንጨቃጨቅም እንውል ነበር። ዐይኑ ከዚያ በኋላ ብዙም አልባሰበትም፣ አልተሻለውምም። ስልክ የሚያነሳው፣ ደንበኛ የሚያነጋግረው፣ ታፔላው እንዴት ይሁን የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ቀለም ማየት ተማርኩ።

ጋሼ ያረፉት ዛፉ ቅጠል ባወጣ ሰሞን ነው። ቤታቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ። ባለቤቴ ቀብር ላይ አላለቀሰም፤ ሱቅ ስንመለስ ግን በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር አንሥቶ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ይዞት ቆመ። ተቀብዬው መልሼ እዚያው አኖርኩት።

የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ለጋሼ አርባ አዳራሹ ውስጥ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ፈለጉ። የነበራቸው አንድ ትንሽ ፎቶ ነው፤ ለበዓል ተሰብስበን ሳለ በፍላሽ የተነሣ፣ ጋሼ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ አንድ ሰው ዘወር ሲሉ። አሳድጌ ሳትመው ፊታቸው ቀላ፣ የሌላ ሰው መሰለ። ነጠላውም ወደ ሰማያዊ ሄደ።

«ንገሪኝ» አለ ባለቤቴ።

ነገርኩት። ዐይኑን ጨፈነ። «ጋሼ ጠይም ናቸው» አለ። «ግን ጠይምነታቸው ወደ ቢጫ አይሄድም። ግንባራቸው ከጉንጫቸው ይጠቁራል። ፀሐይ የመታው ሰው ግንባር ነው። ቀዩን ቀንሺ። ትንሽ ብቻ።»

ቀነስኩ፣ አተምኩ። «አሁን ዐመድ መሰሉ።»

«አበዛሽው። ግማሹን መልሺ። ከከንፈራቸው በታች ምን አለ?»

«ጥላ።»

«ጥላ አይደለም፣ ጠባሳ ነው። እንዳታጠፊው።»

ያን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንውል ጠባሳውን አላየሁትም ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ እሱ ከትዝታው እየነገረኝ እኔ እያየሁ ስንመላለስ ቆየን። መጨረሻ ላይ የወጣውን ሳየው ምንም አላልኩትም፤ ዝም ስል ገባው። ተነሥቶ መጥቶ ወረቀቱ አጠገብ ቆመ፣ አንገቱን አዘነበለ፣ በዐይኑ ጠርዝ ብዙ ፈለገ። «ነጠላቸው ይታየኛል» አለ። ከዚያ ሄዶ ተቀመጠ።

እትዬ በማግስቱ መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ከልጃቸው ልጅ ጋር። ፎቶው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ሲያዩት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ «እሱ ነው» አሉ። ብዙ ከቆዩ በኋላ ካርቶን ቱቦውን አምጥቼ ልጠቀልለው ስል እጄን ያዙኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጠቀልልልዎ ነው እትዬ፤ መኪና ውስጥ እንዲገባ።»

«አትጠቅልይብኝ» አሉ። «አሁን ገና ወጥቶ!»

መኪና ውስጥ ተዘርግቶ አይገባም። ቤታቸው ግን ከሱቃችን ጀርባ ያለው አፓርትመንት ነው፤ የኋላውን መንገድ ተሻግሮ ትንሽ መሄድ ነው። ባለቤቴ ተነሣ። «በእግር እናደርሰዋለን» አለ። ቀጭን ሰሌዳ ላይ ለጠፍነው፤ እኔ ከፊት ያዝኩ፣ እሱ ከኋላ። ፓርኪንጉ ውስጥ ስንወጣ ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ ሰሌዳውን እንደ ሸራ ነፋው። ሲበረታ እንቆማለን፣ ጋብ ሲል እንሄዳለን። ላውንድሪው በር ላይ የቆሙ ሰዎች የማን ፎቶ መሆኑን ባያውቁም ገለል ብለው አሳለፉን።

«ደረጃ አለ?» ይለኛል ከኋላ።

«አንድ አለ። አሁን አንሣ።»

እትዬ የልጃቸውን ልጅ ተደግፈው ቀድመው ሄደው ነበር። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ እንዳያደናቅፈን ምንጣፉን ወደ ጎን እየሳቡ፣ «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል ግቡ» አሉን።